ምልክቱ ሁሉ እሱን ያሳያል፤ ልቤ ግን አልረጋም

«ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፦

ዓምድዎን ዘወትር ስለማነብ ደፍሬ ጻፍኩልዎ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜዬ 28 ሲሆን መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ከተዋወቅን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። የተዋወቅንበትን ሁኔታ የሰማ ሁሉ ‹ይህማ የእግዚአብሔር ሥራ ነው› ይለኛል። ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ፣ ላምበረት መናኸሪያ በተሳፈርኩበት መኪና ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ እንኳን ሳንለዋወጥ ደብረ ብርሃን ገባን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው እሱው ሆኖ አገኘሁት። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ ጫጫ ሳንደርስ ስልክ ተለዋወጥን።

ከዚያ ወዲህ የሚያስደንቀው ነገር ማብቂያ አጣ። ሁለታችንም የተወለድነው ወር በገባ በ21፣ በእመቤታችን ቀን ነው። የእናቱም የእናቴም የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ነው። የእሱ አያትና የእኔ አያት ሁለቱም የመንዝ፣ የላሎ ምድር ሰዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ሳያንስ አክስቴ ቤት የቆየ አልበም ሳገላብጥ በ2006 ዓ.ም. ጻድቃኔ ማርያም ለንግሥ ሄደን የተነሣነውን ፎቶግራፍ አገኘሁ። እኔ የጸበል ጀሪካን ይዤ ከአክስቴ ጎን ቆሜያለሁ። ከትከሻዬ ኋላ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ልጅ ወደ ካሜራው ያያል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። እሱ ነው! እኅቱ ሹራቡን ሳይቀር ለየችው።

ሳሳየው እንባው መጣ። ፎቶግራፉን በስልኩ አንሥቶ ለጓደኞቹ ሁሉ አሳየ። እናቴ በበኩሏ ሳትነግረኝ ደብተራ ዘንድ ሄዳ ኮከባችንን አስቆጠረችና ‹ገጥሟል› ተባለች።

ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው። ይጾማል፣ ይጸልያል፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ሥራውን ያከብራል። አልፎ አልፎ ስንጋጭ አራት አምስት ቀን ስልክ አያነሣም፤ በኋላ ግን ራሱ ይመጣል። አዲስ አበባ የመማር ዕድል አግኝቼ ባማክረው ‹በዚያ ፎቶ ያገናኘን አምላክ አሁን ሊለያየን ነው?› አለኝና ወሬው እዚያው ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቴ ‹አንቺ ታውቂያለሽ› ይለኛል። ምልክቱ ሁሉ እሱን ያሳያል፤ ልቤ ግን አልረጋም። እምቢ ብል፣ ወይም ጊዜ ስጠኝ ብል፣ እግዚአብሔር የሰጠኝን ክፍሌን መግፋት አይሆንብኝም?

ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን»

እኅቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ እንቅልፍ የነሣሽ እሱ ይመስለኛልና። አይሆንብሽም። ጊዜ መጠየቅ ክፍልን መግፋት አይደለም፤ እምቢ ማለትም ቢሆን ኃጢአት የለበትም። እግዚአብሔር ለአንዲት ልጅ የትዳር ጓደኛ ሲሰጣት «ካልተቀበልሽ ወዮልሽ» እያለ አያስፈራራትም። ይህን ፍርሃት ያሳደረብሽ ሰው ካለ፣ እናትሽም ትሁን እሱ፣ ፍቅራቸውን ሳልጠራጠር ተሳስተዋል እላለሁ።

ለጋብቻ ምልክት መፈለግ በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ሽማግሌዎች ለልመና ሲወጡ «ቀኝ ያውላችሁ» ተብለው ይመረቃሉ፤ መንገድ ላይ ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት ካጋጠመቻቸው ፊታቸው ይፈካል፣ ባዶ እንስራ ካዩ ቅር ይላቸዋል። ይህን ያደረጉ አያቶቻችንን አልነቅፍም። ነገር ግን ስለ ምልክት ከተነሣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የተጻፈውን ታሪክ አብረን በደንብ እንየው፤ አንቺም ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰማሽው ነው።

አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን ወደ አገሩ ላከው። ሎሌው ከከተማው ውጭ ውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ምልክት ለመነ። የለመነውን ልብ በዪልኝ። በዚህ ቀን የተወለደች፣ ይህን ልብስ የለበሰች፣ ስሟ እንዲህ የሆነ አላለም። «ውኃ አጠጪኝ» ስላት «አንተም ጠጣ፣ ግመሎችህንም አጠጣልሃለሁ» የምትለው እሷ ትሁን አለ። ይዟቸው የመጣው ግመሎች አሥር ነበሩ። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ መጠጣት ይችላል። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ለአንድ ግመል፣ ለአሥሩ ሃምሳ ነው። አንዲት ልጃገረድ በማታ ከምንጭ እየወረደች እየወጣች፣ ለማታውቀው መንገደኛ፣ ማንም ሳያስገድዳት! ሎሌው የለመነው ምልክት የልጅቱን ጠባይ የሚገልጥ ሥራ ነበር። ደግነቷን፣ ትጋቷን፣ ለእንግዳ ያላትን አክብሮት በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላስ? ልጅቱ ልክ እንደ ጸሎቱ ስታደርግ እያየ እንኳን ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር ይላል መጽሐፉ፤ መንገዱ መቃናቱን ለማወቅ። ምልክቱ ዓይኑ እያየ እየተፈጸመ ሰውዬው ገና ይመረምራል። በመጨረሻም ቤተሰቦቿ ርብቃን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ብለው ጠየቋት። ይህን ያህል ግልጽ ምልክት ከታየ በኋላ የልጅቱ ቃል ተጠየቀ። «እሄዳለሁ» ያለችው እሷ ናት። አንቺም መጠየቅ አለብሽ፤ ስትጠየቂም መልስሽ ከፎቶግራፍ ሳይሆን ከአንቺ አፍ መውጣት አለበት። ቤተ ክርስቲያን ያለ ሁለቱ ፈቃድ ተክሊል አታደርስም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። «ልቤ አልረጋም» ያለች ሴት ፈቃዷ ገና ሙሉ አልሆነም።

ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳነበው ልቤ ደንገጥ አለ። የጸበል ጀሪካን የያዘች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ከኋላዋ አንድ ቀን ሊያገባት የሚጠይቃት ልጅ ቆሞ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ! በዓለም ላይ ይህ የደረሰባቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዜናው ብዙ የተወራለት አንድ የቻይና ቤተሰብ ነበር፤ ባልዬው የሚስቱን የቆየ ፎቶግራፍ ሲያይ፣ እሷ በ2000 ቺንግዳኦ ከተማ አንድ አደባባይ ላይ በተነሣችው ፎቶግራፍ ከኋላዋ ቆሞ ራሱን አገኘ። የተዋወቁት ከዚያ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ ቼንግዱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ቢያስለቅስ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር አብረን እናስብ። ጻድቃኔ ማርያም ለንግሥ ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። የሰሜን ሸዋ ልጅ ሆኖ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ እንኳን ያልሄደ ስንት አለ? ፎቶግራፍ አንሺውም ሰው በብዛት በሚያልፍበት ቦታ ይቆማል። አንቺ ልታገቢው የምትችዪው ሰው መቼም ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ፣ አንድ ገበያ የምትወጡ፣ አንድ መናኸሪያ የምትሳፈሩ ሰዎች ናችሁ። ጄምስ ቦሳርድ የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ የተሰጡ 5,000 የጋብቻ ፈቃዶችን መርምሮ ነበር። ከተጋቢዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሲጋቡ የሚኖሩት በአምስት ብሎክ (ብሎክ ከአንድ መንገድ እስከ ቀጣዩ መንገድ ያለ የቤቶች ረድፍ ነው) ርቀት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ያን ያህል ሰፊ በሆነ ከተማ እንኳን ብዙ ሰው የትዳር ጓደኛውን ያገኘው ከጎረቤቱ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ስንቶቹ ከመተዋወቃቸው በፊት አንድ ሱቅ ተሰልፈው፣ አንድ መንገድ ላይ ተላልፈው ይሆን? እነሱ ላይ ካሜራ አልተነጣጠረባቸውም እንጂ የአንቺን የሚመስል ፎቶግራፍ በየቤቱ ይኖር ነበር።

የመኪናውም ነገር እንዲሁ ነው። ላምበረት መኪና የሚሞላው በተራ ነው፤ በአንድ ሰዓት የደረሱ ሁለት መንገደኞች ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይቀርም። አንቺ ዕቃ ጭነሽ የምትመለሺበት ሰዓት በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፤ የእሱም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ጎንሽ ማን እንደነበረ ያስታወስሽው ሁለተኛው ቀን ስለመጣ ነው። ከሁለቱ ጉዞ በፊት ጎንሽ ተቀምጠው ደብረ ብርሃን የወረዱትን ሌሎች ሰዎች መልክ አሁን ታስታውሻለሽ?

21 ቀን ላይ መወለዳችሁን በተመለከተ፣ በየወሩ ያሉት ቀናት ሠላሳ ናቸው፤ ስለዚህ ከምታውቂያቸው ሠላሳ ሰዎች አንዱ በአንቺው ቀን የተወለደ ቢሆን አይገርምም። ከዚህ የሚያስደንቀውን ልንገርሽ። አንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ፣ ቢያንስ ሁለቱ ከዓመቱ በአንዱ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው፤ 57 ሲሆኑ 99 በመቶ ይደርሳል። ብዙ ሰው ሲሰማው አያምንም፤ የሂሳብ መምህር ካለ ግን ሰሌዳ ላይ አስልቶ ያሳይሻል። ፐርሲ ዳያኮኒስና ፍሬድሪክ ሞስቴለር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ግጥምጥሞሽ ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ አስፍተው አሳይተዋል፦ የሚቆጠረው ነገር በቂ ብዛት ካለው፣ በጣም የማይመስል የሚባል ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መከሰቱ አይቀርም። አንቺና እሱ ሳትገጥሙ የቀራችሁበትን አላስመዘገባችሁም። የአባቶቻችሁ ስም፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት፣ የስልክ ቁጥራችሁ፣ የወንድሞቻችሁ ብዛት፣ የክርስትና ስማችሁ ቢገጥም ኖሮ እሱም ደብዳቤሽ ውስጥ ይገባ ነበር። ወለተ ማርያም ደግሞ በአገራችን ሴቶች ዘንድ እጅግ ከበዙት የክርስትና ስሞች አንዱ ነው።

ስለ ኮከብ ቆጠራው ብዙ አልናገርም። ቤተ ክርስቲያን የማትፈቅደው ነገር መሆኑን እናትሽ ራሷ ታውቀዋለች፤ ያደረገችው ለአንቺ በማሰብ ነውና አትቆጪያት። አሠራሩን ግን ዕወቂው። የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተመናሉ፣ ይደመራሉ፣ ለ12 ይካፈላሉ፣ የቀረው ኮከቡን ይሰጣል። 12ቱ ኮከቦች በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውኃ ይመደባሉ። ስለዚህ ሁለት ማንኛቸውም ሰዎች ባሕርያቸው አንድ የመሆኑ ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ «ይስማማሉ» የሚባሉት ሌሎች ሲጨመሩ ከዚያም ይበዛል። በስምሽ ውስጥ ያለውን ጸሎቱ «ጸ» በፀሐዩ «ፀ» ቀይሮ የጻፈ ሰው ድምሩን ይለውጠዋል። የዕድሜ ልክ ኑሮሽን በአጻጻፍ ስሕተት ላይ በሚሰቅል ነገር አትመኪ።

አያቶቻችሁ ሁለቱም የላሎ ምድር ሰዎች መሆናቸውን ከምልክቶቹ ተርታ ጻፍሽው። እዚህ ላይ ቆም በዪልኝ። የመንዝ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ «እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ!» አይልም፤ «ቤት ቁጠሩ» ይላል። የመንዝ ሰው ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ብሎ ትውልዱን ከሦስቱ አባቶች ሲቆጥር የኖረ ሕዝብ ነው። ርስትም የሚወረሰው በአባትም በእናትም ስለነበረ ዘር መቁጠር ለሁሉም የተለመደ ዕውቀት ነበር። በአማራ ልማድ ደግሞ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በዚያ ውስጥ የተገኙ አይጋቡም። ዘመድ ናችሁ እያልኩሽ አይደለም፤ ላሎ ምድር ሰፊ ነው። ነገር ግን አባትሽ ወይም በሕይወት ያሉ ታላላቅ ዘመዶች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው ሳይቆጥሩ ነገሩ አንድ ርምጃ ወደ ፊት እንዳይሄድ። ከዘረዘርሻቸው ምልክቶች ሁሉ ተጨባጭ ሥራ የሚጠይቀው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው። ስለ መኪናው፣ ስለ ፎቶግራፉ፣ ስለ ሹራቡ ቀለም ብዙ መስመር ጻፍሽ። «አልፎ አልፎ ስንጋጭ አራት አምስት ቀን ስልክ አያነሣም» የሚለው ግን አንድ መስመር ነው፤ እሱንም «በኋላ ግን ራሱ ይመጣል» ብለሽ ፈጥነሽ ሸፈንሽው። ልብሽ ያልረጋው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስለ ትምህርትሽ ያነሣሽለትም ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ፎቶግራፉ ተመዘዘብሽ። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፦ ማውራት ያለበትን ነገር አያወራም።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እየተመለከተ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ትዳርን የሚያፈርሱ ብሎ ከለያቸው አራት ጠባዮች ውስጥ አንዱ ይኸው ነው፤ ፊትን እንደ ግድግዳ ዘግቶ መቀመጥ። ሌሎቹ ሰውየውን ራሱን መንቀፍ፣ ንቀትና ሁልጊዜ ራስን መከላከል ናቸው። ጎትማን ሰው ሲናደድ ዝም አይበል አላለም። ደም ሲፈላ ሰው መስማት ስለማይችል ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያህል ተለያይቶ መረጋጋት፣ ከዚያም ተመልሶ ነገሩን መቋጨት ነው የሚመክረው። ደቂቃና አምስት ቀን ምን ያገናኛቸዋል? ደግሞም «ልረጋጋና እደውላለሁ» ብሎ ዝም ማለትና አንዲት ሴት ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ስልክ እያየች እንድትሰነብት ማድረግ ለየቅል ነው። አምስት ቀን ዛሬ ሁለታችሁም በየቤታችሁ ስላላችሁ ያልፋል። አንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ፣ ልጅ ታሞ ሌሊት ሐኪም ቤት መሄድ ሲያስፈልግ፣ የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን ሲደርስ፣ ያን አምስት ቀን እንዴት ትኖሪዋለሽ?

ይህን ስል ሰውዬውን ክፉ ለማለት አይደለም። ብዙ ወንዶቻችን «ወንድ ልጅ ሆዱን አይሰጥም» እየተባሉ ስላደጉ ቂም ሳይኖራቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው የሚያስከትለውን ሕመም አያውቁትም። ሲነገራቸው የሚደነግጡና የሚለወጡ አሉ። እሱ ከነዚህ መሆን አለመሆኑን የሚነግርሽ ግን ጠይቀሽ የምታገኚው መልስ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በስልክ አይሁን። ማታ ደክሟችሁ ሳለም አይሁን፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጊዜ ሳያጣድፋችሁ። መጀመሪያ ፎቶግራፉን ከመካከላችሁ አውጪው። «ፎቶው እንደሚያስደስተኝ ታውቃለህ፤ ለዛሬ ግን ሁለታችንም አናንሣው» በዪው። ከዚያ «ያ ፎቶ ባይኖር፣ በመኪና ባንገናኝ፣ ሰው በመንገድ ቢያስተዋውቀን፣ እኔን ለምን ትመርጠኛለህ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚመልስልሽን በጥንቃቄ ስሚ። ስለ አንቺ ያውቃል? ምን እንደሚያስከፋሽ፣ ሥራሽ ምን እንደሚያደክምሽ፣ ለምን መማር እንደፈለግሽ ይነግርሻል? ወይስ መልሱ ተመልሶ ምልክት ላይ ይወድቃል? ይህንኑ ጥያቄ ለራስሽም ጠይቂ፤ አንቺም እሱን በእሱነቱ መምረጥሽን ማወቅ አለብሽ። «ይጾማል፣ መጠጥ አይቀምስም» ያልሽው ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከአንቺ ጋር ሲሆን ምን ይመስላል? ስለዚህ ደብዳቤሽ ምንም አይልም።

ቀጥሎ ዝምታውን አንሺ። «ስትዘጋኝ እንዲህ እሆናለሁ» ብለሽ የሚደርስብሽን ብቻ ንገሪው፤ ወንጀል እንደሚቆጠርበት ሰው አታስጨንቂው። ዕለቱን ቢከፋውና ቢኮርፍ አትደንግጪ፤ ከባድ ነገር ነው የነገርሽው። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን መጥቶ «አስቤበታለሁ» ካለሽ ያ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ዝምታው ነግረሽው እንደገና አምስት ቀን ከጠፋ ግን መልስ ሰጥቶሻል፤ ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ቀርቶ ሌላም ነገር አያሳውርሽ።

ትምህርቱን ደግሞ በቁርጥ አንሺው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የትዳር ማፍረሻ ርቀት አይደለም። የት እንኖራለን፣ ስንት ዓመት፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ልጅ መቼ፣ እነዚህን ካልተነጋገራችሁ አሁን ያልተነሣው ነገር ከሠርጉ በኋላ በጠብ መልክ ይነሣል። «ያገናኘን አምላክ ሊለያየን ነው?» የሚለው ንግግር ደስ አላሰኘኝም። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ የአንቺን ጥያቄ ማፈን ነው፤ ምናልባት ሳያስበው፣ ከፍርሃት የተነሣ። ይህንንም በፍቅር ንገሪው።

ደብረ ብርሃን ስለምትኖሪ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ታሪክ ታውቂዋለሽ። በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሡ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብሎ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ኮሜት የተባለው ጅራታም ኮከብ ይሆናል ብለው የሚገምቱ የታሪክ ሰዎችም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ የዚያ ዘመን ነገሥታት ድንኳን እየነቀሉ ከቦታ ቦታ ይዞሩ ነበር፤ እሱ ግን እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ቤተ መንግሥት አቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ1468 እስኪሞት ድረስም መቀመጫው ደብረ ብርሃን ሆነ። ብርሃኑ አልፏል። ከተማውን ከተማ ያደረገው ከብርሃኑ በኋላ በየዓመቱ የተሠራው ሥራ ነው። አንቺም የታየሽን ምልክት ደስ ብሎሽ ተቀበዪው፤ አመስግኚበት። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ያን ፎቶግራፍ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር። ነገር ግን በእሱ ላይ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ገና አልተጀመረም፤ የሚሠራውም ሁለታችሁ ስትነጋገሩ ነው።

ሽማግሌ ቢመጣስ ብለሽ አትጨነቂ። በአገራችን ወግ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም። «ዘመድ እንጠይቃለን፣ እንመክራለን» ተብሎ ይመለሳል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ይመላለሳል። ማንም በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም በአንድ ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ ይገረማል። ያ ጊዜ የተሰጠው ለአንቺ ነውና ተጠቀሚበት። አባትሽ «አንቺ ታውቂያለሽ» ማለቱ ደግሞ ብዙ ልጆች የሚመኙት ነገር ነው። ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጠሽ «አባዬ፣ ገና አልቆረጥኩም፤ ሽማግሌ ቢመጣ ቀጠሮ ስጥልኝ፣ ከላሎ ምድሮቹም ጋር ቤት አስቆጥርልኝ» በዪው። ስለ ዝምታውም ንገሪው፤ ወንድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚነገር ሊመክርሽ ይችላል። እናትሽን ግን ስለ ኮከቡ አትሟገቻት። «እማዬ፣ ኮከባችን ገጥሟል ካልሽኝ፣ አሁን ጠባያችን መግጠሙን እንድናይ ጸልዪልን» ካልሻት ይበቃታል።

የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ብትችሉ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ከጋብቻ በፊት የሚደረገውን የጤና ምርመራ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ አንቺ የሙያው ሰው ስለሆንሽ ይህን ላብራራልሽ አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱ የመመዝገቢያ ቀን ከፋሲካ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ የሽማግሌውን መምጣት ሳትጠብቂ ሄደሽ ተመዝገቢ። መመዝገብሽን በዚያው ዕለት ለእሱ ንገሪው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው።